ሳይሞቱ የሚዋሹ መለኪያዎች፤ ከአንድ የጎጃም ዘይት ፋብሪካ የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ 20

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በዋናነት ለራሴ ነው። ሌላ ፋብሪካ ያለ የሙያ ጓደኛ ቢጠቀምበት ግን ደስ ይለኛል። የምሠራው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ፣ ኢንስትሩመንት ክፍል ነው። ኑግና አኩሪ አተር ይገባል፤ ዘይትና ፋጉሎ ይወጣል። በመሀል ሙቀት፣ ግፊት፣ ፍሰትና የታንክ ሌቭል የሚለኩና ቁጥሩን በሽቦ የሚልኩ ብዙ ትራንስሚተሮች አሉ።

እስካሁን አሠራራችን አንድ ነው። ኦፕሬተር ሲጮህ እንሄዳለን። ካልጮኸ አንሄድም። ፋብሪካው ለዓመታዊ ጥገና ሲቆም የደረስንበትን ካሊብሬት እናደርጋለን (ከትክክለኛ ልክ ጋር አመሳክረን እናስተካክላለን)። ያልደረስንበት ለከርሞ ይተላለፋል።

የሞተ መለኪያ ብዙ አያስቸግርም። ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ይቀየራል፤ አለቀ። የሚያስቸግረው ሳይሞት የሚዋሸው ነው። ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩም አያስደነግጥም። ስለዚህ ሁሉም ያምነዋል። እንፋሎት የሚባክነው፣ ዘይት የሚያርረው እንዲህ ባለው መለኪያ ምክንያት ነው። የያዝኩት ሥራ እነዚህን ማደን ነው።

ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር እንዳለ ለአለቃዬ ነገርኩት። ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ። "በምን ዶላር?" አለኝ። መልስ የለኝም። ስለዚህ ያለን ስካዳ (መለኪያዎቹን ስክሪን ላይ የሚያሳይና የሚመዘግብ ሲስተም)፣ ያለን ማልቲሜትርና ኤክሴል ይበቃናል ብለን ተስማማን። በኢንተርኔት የሚሠራ ነገርማ ከመጀመሪያው አልታሰበም። ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ እዚህ አካባቢ የረሳ ሰው የለም።

ሚያዝያ 26

መጀመሪያ ያየሁት የቆየውን 4–20 ሚሊአምፔር የኩረንት ምልክት ነው። አብዛኞቹ ትራንስሚተሮቻችን የሚናገሩት በዚህ ነው። 4 ሲሆን የልኬቱ ታች፣ 20 ሲሆን የልኬቱ ጫፍ ነው። ከ0 ያልተጀመረው በምክንያት ነው። ሽቦ ቢበጠስ ኩረንቱ 0 ይሆናል፤ ባዶ ታንክ ግን 4 ይልካል። ሁለቱ አይምታቱም።

ናሙር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ጀርመን ውስጥ የተመሠረተው የፕሮሰስ ኢንዱስትሪ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በ1994 ኤንኢ 43 የተባለ ምክረ ሐሳብ አውጥቶ ነገሩን የበለጠ አጥርቶታል። ከ3.8 እስከ 20.5 ያለው ልኬት ነው። 3.6 እና ከዚያ በታች፣ ወይም 21 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ትራንስሚተሩ "አሞኛል" እያለ ነው።

የእኛን ፒኤልሲ (ፋብሪካውን የሚያዝ ኮምፒውተር) ፕሮግራም ከፍቼ አየሁት። ተከላውን የሠሩት ሰዎች ከ4 በታች ያለውን ሁሉ 0 በመቶ፣ ከ20 በላይ ያለውን ሁሉ 100 በመቶ አድርገው ቆርጠውታል። ስክሪኑ እንዲያምር ይሆናል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ የታንክ ሌቭል ሽቦ ቢበጠስ ስክሪኑ "ታንኩ ባዶ ነው" ይላል። ፓምፑም ይህን ሰምቶ መሙላት ይጀምራል። አምና አንድ ታንክ ሞልቶ የፈሰሰበት፣ እርስ በርስ የተካሰስንበት ሌሊት ምሥጢሩ እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጥሬው ኩረንት በሌላ ስም እንዲመዘገብና ከ3.6 በታች ወይም ከ21 በላይ ሲሆን አላርም እንዲሰጥ አደረግን። ምንም አልተገዛም። አላርሙ ገና በተከፈተበት ቀን ማንም ከማያየው ከአንድ የማጠራቀሚያ ታንክ መልእክት መጣ። ሽቦውን አይጥ በልቶታል።

ግንቦት 3

የሁሉንም መለኪያ ጤና እኩል መከታተል አይቻልም። አቅሙም ሰዉም የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን "ይህ መለኪያ አምስት በመቶ ቢዋሽ ምን ይሆናል?" እያልን ለየን። አንዳንዱ ምንም አያመጣም። ለምሳሌ የማቀዝቀዣ ውሃው ሙቀት ትንሽ ቢዛነፍ ማንም አይጎዳም። የቦይለሩ ውሃ ሌቭል፣ የዲኦዶራይዘሩ (የዘይት ሽታ ማስወገጃው) ሙቀትና ቫኩም፣ ወደ ማጣሪያ የሚገባው የእንፋሎት ፍሰት፣ የኤክስትራክሽን ክፍሉ ጋዝ መለኪያዎች ግን ከላይ ተቀመጡ።

የመጨረሻዎቹ ያሳስቡኛል። አኩሪ አተር ዘይቱን የሚለቀው ሄክሴን በሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ ታጥቦ ነው፤ ይህም የሚሆነው ኤክስትራክሽን ክፍል ውስጥ ነው። የሄክሴን ትነት አየር ውስጥ 1.1 በመቶ ገደማ ሲደርስ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል። የእኛ መለኪያዎች ደግሞ በካታሊስት የሚሠሩ ናቸው። ትንሿ እንክብል ጋዙን ላይዋ ላይ አቃጥላ ሙቀቱን ትለካለች። ችግሩ ሲሊኮን ነው። የሲሊኮን ስፕሬይ ወይም ማሸጊያ ትነት ከደረሰባት እንክብሏ ትመረዛለች። ከዚያ በኋላ ጋዝ ቢኖርም ባይኖርም 0 ትላለች። ስክሪኑ ላይ ጤነኛውም 0 ነው፤ የተመረዘውም 0 ነው። ትሬንድ (ቁጥሩ በጊዜ ውስጥ የሚሄድበት መስመር) አይለያቸውም፤ ኤክሴልም አይለያቸውም። የሚለያቸው የመሞከሪያ ጋዝ አስጠግቶ ማየት ብቻ ነው።

መካኒኮቹ ጋስኬት ሲቀይሩ የሚቀቡት ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። ቱቦውን አሳዩኝ። ሲሊኮን ይላል።

የመሞከሪያ ጋዝ ይገዛልን ብለን ጻፍን። ይህ ግን መገዛት አለበት፤ አለቃዬም አልተከራከረም። ጋዙ እስኪመጣ ሲሊኮን ወደዚያ ክፍል እንዳይገባ በሩ ላይ ተለጥፏል።

ግንቦት 12

ዛሬ ትሬንድ ማየት ጀመርኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚፈስና የሚፈላ ነገር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጤነኛ መለኪያ ደግሞ ያንን ትንሽ መዋዠቅ ያሳያል። ስለዚህ ዋናውን ቁጥር ትቼ መዋዠቁን ማየት ፈለግኩ። የየሰዓቱን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የመዋዠቁን መጠን የሚያሳይ ቁጥር) አውጥቼ መለኪያው ደህና በነበረበት ጊዜ ከነበረው ጋር አወዳድራለሁ። ቤት ውስጥ የልጅ ድምፅ ድንገት ሲጠፋ እናት ተነሥታ የምታየው ያለ ነገር አይደለም።

ግን ገና ከጅምሩ ሁሉም መስመር ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም መለኪያ በአንድ ቀን ሊታመም አይችልም። ፈልጌ ፈልጌ ደረስኩበት። ስካዳው ቁጥር የሚመዘግበው ለውጡ ከግማሽ በመቶ ሲያልፍ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል፤ ዲስክ ለመቆጠብ። እኔ የምፈልገው መዋዠቅ ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። ዲስኩ ላይ ሳይደርስ ተጥሏል።

ለተመረጡት መለኪያዎች ብቻ ገደቡን አንስተን በየሰከንዱ እንዲመዘገቡ አደረግን። በተጨማሪ የአንዳንድ ትራንስሚተሮች ዳምፒንግ (መዋዠቁን የሚያለሰልሱበት ጊዜ) 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ተደርጎ ተገኝቷል። የሚጨፍር ቁጥር ስለማይወዱ ኦፕሬተሮቹ ናቸው ያስደረጉት። ወደ 2 መለስነው። ሁለት ቀን ተነጫነጩ፤ ከዚያ ለመዱት።

ግንቦት 21

የመጀመሪያው ለስላሳ መስመር ተገኘ። ከድፍድፍ ዘይቱ ሙጫ የሚለይበት መስመር ላይ ያለ የግፊት ትራንስሚተር ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄዷል። ፓምፑ ተነሥቶ ሲወድቅ እንኳ የሚንቀሳቀሰው እየተጎተተ ነው። ፈትተን አየነው። ከቧንቧው ወደ ትራንስሚተሩ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ሙጫ ሞልቶታል። የኑግ ሙጫ ሲደርቅ ሽቦ ይዘህ ብትቆፍረውም አይወጣም። በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ለቀቀ። ካጸዳነው በኋላ የስክሪኑ ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፤ መዋዠቁ ግን በአንድ ጊዜ ተመለሰ። ኦፕሬተር መቼም ሊያውቀው የማይችል ብልሽት ነበር።

ጋሼ የሚባሉ የቦይለር ኦፕሬተር አሉን። እኔ ከመወለዴ በፊት ቦይለር ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ይህን ሳወራላቸው "አንተ ልጅ፣ ይሄን እኮ በጣቴ አውቀዋለሁ" አሉኝ። ጌጁን በጣታቸው መታ ያደርጉታል። መርፌዋ ካልተንቀጠቀጠች ቫልቩን ትንሽ ይነካኩታል። አሁንም ካልተነሣች ተበላሽታለች። ከእኔ ኤክሴል የሚለየው በየሰዓቱ ሁሉንም መዞር አለመቻላቸው ብቻ ነው።

ግንቦት 28

የውሸት አላርም በዛ። መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ይቆማል። ፓምፕ ሲቆም ሁሉም መስመር ይለሰልሳል። ኤክሴሉ ደግሞ ሁሉንም በሽተኛ አድርጎ ቀይ ይቀባዋል። አሁን ሒሳቡ የሚሠራው ፓምፑ እየሠራ፣ ጭነቱም ከግማሽ በላይ በሆነበት ሰዓት ብቻ ነው። ቀዩ ወዲያው ቀነሰ።

ሰኔ 5

ይህኛውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ወደ ማጣሪያው የሚገባው እንፋሎት የሚለካው በኦሪፊስ ነው። ቧንቧው ውስጥ ቀዳዳ ያለው ሳህን አለ። ከሳህኑ በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት ትራንስሚተሩ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወስዳል። ቱቦዎቹ ውስጥ የቀዘቀዘ የእንፋሎት ውሃ አለ። ፍሰቱ የሚሰላው ከልዩነቱ ስኩዌር ሩት (ዳግም ዘር) ነው።

እኔ የምፈልገው ለስላሳ መስመር ነበር። የዚህኛው ግን እንዲያውም ከድሮው በላይ ይዋዥቃል። ስለዚህ ጤነኛ ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ኤክሴሉ ላይ ሌላ አምድ ጨመርኩ፤ "የማንን ትሬንድ ይመስላል?" የሚል። የእንፋሎት ፍሰቱ የቦይለሩን ግፊት እንደ ጥላ ሲከተል አየሁት። ግፊት ሲወጣ ይወጣል፤ ሲወርድ ይወርዳል። የማጣሪያው ቫልቭ ሲዘጋ ግን እምብዛም ግድ አይሰጠው።

ምክንያቱ ሲገባን ደስ አለን። የዝቅተኛው ግፊት ቱቦ በዝገት ጭቃ ተደፍኗል። በዚያ በኩል ያለው ግፊት ድሮ የነበረው ታስሮ ቀርቷል። በሌላው በኩል ያለው ግን ከቦይለሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል። የፍሰት መለኪያው ሳናውቀው የግፊት መለኪያ ሆኖልናል። መዋዠቁ የጨመረውም ለዚሁ ነው። ሁለቱም ቱቦ ክፍት ሲሆን የጋራው መዋዠቅ ይቀናነሳል። አንዱ ሲደፈን የሚቀንሰው የለም። ሁለቱም ቢደፈኑ ኖሮ መስመሩ ለስላሳ ይሆን ነበር። ስለዚህ መዋዠቅ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን መጨመሩም ይታይ። ኤክሴሉ አሁን በሁለቱም በኩል ይቀባል።

ቱቦውን ስናጸዳ አንድ ነገር ተጠንቅቀናል። እንፋሎት ነፍቶ ካወጣው በኋላ ትራንስሚተሩን ወዲያው መክፈት አይገባም። ቱቦው ውስጥ ውሃው እስኪመለስና እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። አለዚያ እንፋሎቱ በቀጥታ ገብቶ ሴንሰሩን ያቃጥለዋል። ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ከዚያ የመሀሉን ማመጣጠኛ ቫልቭ ከፍተን ዜሮውን አየን። ልዩነት የለምና 4.00 ማለት አለበት፤ 4.04 አለ። ይህ ከሙሉው ልኬት ሩብ በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስኩዌር ሩት ነውና ፍሰቱ 20 በመቶ ላይ ሲሆን ልዩነቱ 4 በመቶ ብቻ ነው። ከ4 ላይ ሩብ ሲጨመር ፍሰቱ በ3 በመቶ በልጦ ይታያል። ሙሉ ጭነት ላይ የማይታየው ጥፋት በትንሽ ጭነት ጊዜ ይገዝፋል። የእንፋሎት ሒሳብ በቅዳሜና እሁድ ብቻ አልገጥም የሚለው ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ሰኔ 14

ሙቀት መለኪያዎችን መፈተን ጀመርን። ደረቅ ካሊብሬተር (የታወቀ ሙቀት የሚሰጥ መሞከሪያ) የለንም። በረዶና የፈላ ውሃ ግን የትም አለ። በረዶውን ከተማ ካለ ጁስ ቤት ገዛን። ተፈጭቶ ከንጹሕ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ 0 ይሰጣል። ፒቲ100 የሚባለው ሴንሰር እዚያ ላይ 100 ኦም ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 0.385 ኦም ገደማ ይጨምራል።

ለልምምድ የመጣው የዩኒቨርሲቲ ልጅ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው። "93 ላይ ቆመ፣ ይሄ ይጣል" አለ። ኧረ አይጣልም! እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ የሚጫነው 786 ሚሊባር አካባቢ ነው፤ እንደ ባሕር ዳርቻው 1,013 አይደለም። ስለዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ 92 ይሆናል። አባይ በረሃ ወርዶ ድልድዩ ጋ ቢያፈላው ደግሞ ከ96 በላይ ያገኛል። ሴንሰሩ 135.8 ኦም ካለ እዚህ ፍጹም ጤነኛ ነው።

አንዱ ግን በረዶ ውስጥ 4 ዲግሪ አለ። የፈላው ውስጥም በ4 ዲግሪ በለጠ። ከታችም ከላይም እኩል ከተዛነፈ ሴንሰሩን ከመጠርጠሬ በፊት ሽቦውን አያለሁ። እውነትም ሦስት ሽቦ ያለው ሴንሰር በሁለት ሽቦ ብቻ ታስሯል። የረጅሙ ኬብል አንድ ተኩል ኦም እንደ ሙቀት እየተቆጠረ ኖሯል። ሦስተኛው ሽቦ ካናሊናው (የኬብል መሄጃው) ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

ሰኔ 19

ያው የከፍታ ጉዳይ ነው፤ አሁን ግን በቫኩም በኩል። ዲኦዶራይዘሩ ዘይቱን ከ230 ዲግሪ በላይ አሙቆ ሽታውን የሚያወጣው በጥልቅ ቫኩም ነው፤ በ3 ሚሊባር አካባቢ። ቫኩሙን የሚፈጥረው ኢጀክተር የሚባል መሣሪያ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ተራ ጌጅ ከ-0.78 ባር አያልፍም። በቅርቡ ከቆላ ፋብሪካ የመጣ ኦፕሬተር "ቫኩሙ ደክሟል፣ ኢጀክተሩ ይቀየር" ብሎ ጻፈ። ግዢውም ሊጀመር ነበር።

ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር እያወዳደረ ነው። ውጭው 786 ከሆነ ውስጡ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ ከ-0.786 በታች መውረድ አይችልም። እዚህ ደጋ ላይ -0.99 የሚፈልግ ሰው ፈጽሞ አያገኘውም። እንዲያውም የአየሩ ግፊት ራሱ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ድረስ ሁለት ሦስት ሚሊባር ይወርዳል። እኛ የምንፈልገው ጠቅላላ ቫኩም 3 ሚሊባር ነው። በእንዲህ ያለ ጌጅ ያንን መለካት አይቻልም። ትክክለኛው አብሶሉት የሚባለው ትራንስሚተር ነው። እሱ የራሱን ባዶ ይዞ ይዞራል፤ የውጭውን አየር አይጠይቅም።

ለእሱም ነፃ ፈተና አለው። ፋብሪካው ሲቆምና ታንኩ ሲከፈት 786 አካባቢ ማሳየት አለበት። የእኛው 784 አለ። ለላይኛው ጫፍ ደህና ነው። ለታችኛው ጫፍ ግን ይህ ማረጋገጫ አይሆንም፤ እሱን በጥሩ ቫኩም ፓምፕ ለብቻው አየነው። ደህና ነው። ኢጀክተሩ አልተገዛም።

ከዚሁ ሳልወጣ የቦይለሩን እንፋሎትም በዚህ ዓይነት እንዲጠበቅ አደረግኩ። የጠገበ እንፋሎት ግፊቱ ከታወቀ ሙቀቱ ይታወቃል። ጌጁ 10 ባር ሲል እዚህ 183 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን 184። ሁለቱ መለኪያዎች ሁለት ዲግሪ ከተለያዩ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የትኛው እንደሆነ ሂዶ ማየት ነው።

ሐምሌ 2

ዛሬ ክስ ነው። የታንኮቹን ሒሳብ የሚይዙት እትዬ እና የማታ ሺፍት ሱፐርቫይዘሩ ተጣሉ። እሳቸው ታንኩ ውስጥ በሚነከር ዲፕ ዘንግ ይለካሉ። እሱ የሚያምነው ስክሪኑን ነው። ማታ በዘንጉ 5 ሜትር የነበረው ዘይት ከሁለት ቀን በኋላ 4 ሜትር ከ80 ሆነ። ቫልቭ አልተከፈተም። ሃያ ሴንቲሜትር የት ገባ? የጥበቃው ስም ሁሉ ተነሣ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያም 4 ሜትር ከ78 ይል ነበር፤ አሁንም 4 ከ78 ይላል።

ዘይቱ ወደ ታንኩ የገባው 80 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ ነው። የአኩሪ አተር ዘይት 20 ዲግሪ ላይ 0.92 ገደማ እፍጋት አለው። 80 ላይ 0.88 ይሆናል። ሲሞቅ ይነፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ዘንጉ የሚያየው ቁመቱን ነው። ከታንኩ ሥር ያለው ትራንስሚተር ግን የሚሰማው ክብደቱን ነው፤ ቁመቱን የሚያሰላው 0.92 የሚል ቁጥር ተጽፎለት ነው። ክብደቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ቁጥሩም አልተለወጠም።

ማለትም እትዬም ልክ ናቸው፤ ስክሪኑም ልክ ነው። የተሰረቀ ዘይት የለም። ወረቀት ላይ አስልቼ ሳሳያቸው እትዬ ዝም ብለው አዩኝና "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ስንጨቃጨቅ የነበረው በሙቀት ነው?" አሉ። "አዎ እትዬ፣ በሙቀት ነው።" "የእኔን ስም ሲያነሡ የነበሩት ሰዎችስ ምን ይሉ ይሆን?" ይህን እንኳ ኤክሴል አይመልሰውም።

ስክሪኑ ላይ ከሜትር ይልቅ በቶን እንዲታይ አድርገናል። ዲፑ ላይም ሙቀት የሚጻፍበት አምድ ተጨምሯል። በእኔ እምነት በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ለሰው የጠቀመው ይኸኛው ነው።

ሐምሌ 16

ክረምቱ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ይጨልማል፤ ነጎድጓዱ ይጀምራል። ትሬንዶቹ ላይ አዲስ ነገር መጣ። አንዳንድ ቁጥሮች ከዝናብ በኋላ ከፍ ይላሉ፤ በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ ቀትር ላይ ይመለሳሉ። ታንክ ዝናብ ጠጥቶ አይሞላም። ጃንክሽን ቦክሶቹን (የሽቦ ማገናኛ ሳጥኖቹን) ከፈትን። በአንዱ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል። ኬብል የሚገባበት ግላንድ ወደ ሰማይ ዞሮ ተገጥሟል።

እርጥበት ሁለቱን ሽቦዎች በመጠኑ ያገናኛል። በመሀሉ 100 ኪሎ ኦም ቢፈጠርና 20 ቮልት ቢኖር 0.2 ሚሊአምፔር ያልፋል። ትራንስሚተሩ ሳይልከው የተጨመረ ኩረንት ነው። ከ16 ውስጥ ሲታይ 1.25 በመቶ ነው። ሁልጊዜም ወደ ላይ ነው የሚያዛንፈው። ትራንስሚተሩን ቢፈቱት ጤነኛ ነው፤ ወደ ቤተ ሙከራ ቢልኩት ጤነኛ ነው። የታመመው መንገዱ ነው።

ግላንዶቹን ወደ ታች አዞርን። ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ብሎ ውሃውን እንዲያንጠባጥብ አደረግን። ለሊቱን ሌላ ዝናብ ዘነበ፤ ቁጥሮቹ አልተንቀሳቀሱም።

ሐምሌ 27

ሀርት የሚባለው ነገር ሁሉም አዳዲስ ትራንስሚተሮቻችን ውስጥ አለ። በዚያው 4–20 ሽቦ ላይ 1,200 እና 2,200 ኸርዝ ድምፅ ተጭኖ የሚሄድ መልእክት ነው። የፒኤልሲ ካርዶቻችን ግን አይሰሙትም። ርካሽ ሞደም ከላፕቶፕ ጋር አያይዘን፣ ሉፑ (የሽቦው ዙር) ውስጥ 250 ኦም ሬዚስተር አስገብተን አንድ በአንድ እየዞርን አናገርናቸው።

ናሙር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ኤንኢ 107 መሠረት መሣሪያው ስለ ራሱ አራት ነገር ይላል፦ ተበላሽቻለሁ፣ እየተፈተንኩ ነው፣ ከተሠራሁበት ወሰን ወጥቻለሁ፣ ጥገና ያስፈልገኛል። "ጥገና ያስፈልገኛል" የሚሉ ተገኙ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚሉት አላውቅም፤ የሚሰማቸው አልነበረም። ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልተሞላም፤ ከፋብሪካቸው እንደወጡ ናቸው።

ሌላም ጥቅም አገኘንበት። ትራንስሚተሩን "ስንት እየላክህ ነው?" ብለን በሀርት እንጠይቃለን፤ ፓነሉ ላይ ደግሞ በማልቲሜትር እንለካለን። ሁለቱ ካልገጠሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመሀል ያለው ኬብል ነው። የሐምሌ 16ቱን ብልሽት በዚህ ቢሆን በደቂቃ እናገኘው ነበር።

ነሐሴ 8

የፍሳሽ ማጣሪያው ፒኤች (የአሲድነት ልክ)። አጭር ነው። ጤነኛ ኤሌክትሮድ በ25 ዲግሪ ለአንድ ፒኤች 59 ሚሊቮልት ይሰጣል። ፒኤቻቸው 7 እና 4 በሆኑ መሞከሪያ ፈሳሾች (ባፈር) ስንፈትን የሰጠውን በየጊዜው እንጽፋለን። እያረጀ ሲሄድ ይወርዳል፤ ከ50 ሲያንስ እንቀይራለን። በዘይት ስለሚሸፈን መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ። አንዳንዱ ታጥቦ ይነሣል።

ነሐሴ 22

የሺፍት መዝገቦቹን ከትሬንዱ ጋር አስተያየሁ። አንድ የግፊት ቁጥር ከሌሊት 6 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ አንድ ዓይነት ተጽፏል። መለኪያው ደርቋል ብዬ ሮጥኩ። ትሬንዱ ግን ይዋዥቃል። የደረቀው ሌላ ነው፤ ሰውየው ተኝቷል። ስም አልጻፍኩም።

ጋሼ የኤክሴሉን ገጽ በትልቁ ታትሞ ቦይለሩ ጋ እንዲለጠፍላቸው ጠየቁ። "ቀዩን ብቻ አሳየኝ፣ ሌላው አያስፈልገኝም" አሉ። ልክ ናቸው። ከእንግዲህ የሚታተመው ቀዩ ብቻ ነው፤ ከጎኑም መጀመሪያ ምን እንደሚነካ አንድ መስመር ይጻፍበታል።

መስከረም 9

ለማጣቀሻ የምንጠቀምባቸው ሁለቱ የግፊት ጌጆች አዲስ አበባ ወዳለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ሊላኩ ተጠቅልለዋል። መንገድ ሰላም ሲሆን ሹፌሩ ይዟቸው ይወርዳል። እነሱ እስኪመለሱ የግፊት ካሊብሬሽን አቁመናል፤ ሌላው ይቀጥላል። ቦይለሩ አጠገብ ያሉት የእንፋሎት ቱቦዎች ከጥቅምት ጀምሮ በወር አንዴ የሚጸዱበት ፕሮግራም ወጥቶላቸዋል። ሦስት ሽቦ ሆነው በሁለት የታሰሩ ሌሎች ሴንሰሮች ካሉ ደግሞ ተለማማጁ ልጅ እየዞረ እየከፈተ ነው። እስካሁን ሌሎችም አግኝቷል።

የመሞከሪያ ጋዙ ሲሊንደር ትናንት ገባ። ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው) ግን አብሮ አልተላከም። ላኪዎቹ ጋ ደውለናል፤ ባሕር ዳር አንድ አለ ተብሏል። እሱ እስኪመጣ የኤክስትራክሽን ክፍሉን ኦፕሬተሮች በየሺፍቱ በእጅ መለኪያ እንዲዞሩ አድርገናል። የእጅ መለኪያው የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው፤ ሲሊኮን አይመርዘውም።